ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ይላል

የዚያ ዓመት ብርድ በኅዳር ገባ፤ በሚያዝያም አልወጣም። ብረት ማቅለጫው የገና በዓል ሳይደርስ ተዘጋ። ዌልበርን ውስጥ ከማቅለጫው ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበረም። ሰዎች መጀመሪያ ጀልባቸውን ሸጡ፤ ቀጥሎ ጠመንጃቸውን፤ በመጨረሻ የመፍቻ ሳጥናቸውን። የመፍቻ ሳጥኑን የሸጠ ሰው ተመልሼ ሥራ እገባለሁ ብሎ እንደማያስብ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አጋዘን የገደለ ለጎረቤት ያካፍል ነበር፤ በጥር አጋዘኑም ጠፋ። ባዶ በቀሩት ቤቶች ውስጥ ቧንቧው እየፈነዳ ውሃው በደረጃው ላይ በረዶ ሆኖ ቀረ። ባንኩ በር ላይ የሚለጥፈው ወረቀት እኛ ወዳለንበት መንገድ ደረሰ።

ዶይል ኬተሪንግ በየካቲት ሞተ። ሐኪሞቹ ከገና አያልፍም ብለውት ነበር፤ እሱ ግን የሰው ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም። መሬቱ እንደ ብረት ደርቆ ስለነበር መቃብሩን በአካፋ መቆፈር አልተቻለም። መቆፈሪያ ማሽን ከሌላ አውራጃ አስመጣን።

ዶይል ጎረቤቴ ነበር። ማቅለጫው ውስጥም ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ምድጃ ፊት ቆመናል። ሲሞት የሱ ዕዳ ነበረብኝ። ገንዘብ አይደለም። ሞተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ኤልስፔት በታመመችበት ዓመት የፒካፕ መኪናዬ ሞተር ነከሰ፤ ተጣብቆ አልዞር አለ። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ እሷ ደግሞ በየሳምንቱ መሄድ ነበረባት። ዶይል ጋራዡ ውስጥ በአሮጌ የአልጋ ልብስ የሸፈነው ሞተር ነበረው። በአውራጃው ትርኢት ላይ የሚወዳደርበት መኪና ሊሠራበት ለዓመታት ቁራጭ በቁራጭ የገጣጠመው ነው። ለፒስተኑ ብቻ ሁለት ክረምት ፈልጓል። እኔ ሳልጠይቀው አርብ ማታ መጥቶ የኔን ሞተር አወረደ። እሑድ ከሰዓት የሱ ሞተር እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ያጉረመርም ነበር።

«ምን ልክፈልህ?» አልኩት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ያበደርኩህ ሞተር ነው። ሞተር ትመልሳለህ» አለ።

ኤልስፔት እስክትሞት በዚያ ሞተር ተመላለሰች። አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አልጣላትም። ዶይል የእሽቅድምድም መኪናውን ሳይሠራው ቀረ። በየዓመቱ በምስጋና ቀን የተጠበሰውን ተርኪ ዶሮ እየቆረጠ፣ በሰው ፊት፣ «ቨርሊን፣ ሞተሬስ?» ይለኛል። «መንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ የምሬን ከወዳደቁ መኪናዎች መካከል ፈልጌ አመጣሁለት። ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «ይሄ ሞተር ነው? የልብስ ስፌት መኪና ነው እንጂ» አለኝ። መልሼ ወሰድኩት።

ሚስቱ ኦፓል ከቀብሩ በኋላ ብዙ አልተቀመጠችም። ከተማ ሄዳ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ያዘች። አርባ ማይል ነው። መኪናዋ ከኋላ ረጅም የሆነች፣ ጎኗ እንጨት እንዲመስል የተቀባች የቤተሰብ መኪና ናት። ዶይል እያለ በዶይል እጅ ነበር የምትሄደው። ዶይል ሲሞት መኪናዋም ነገሩን አወቀች። በጸደይ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆመች። አለቃዋ ኦፓልን ጠርታ፣ «ሦስተኛ ከቀረሽ አትምጪ» አለቻት። ሥራው ከሄደ ቤቱ እንደሚሄድ ኦፓልም እኔም እናውቅ ነበር።

ላድርስሽ አልኳት።

«እንደ ድንች ጆንያ ተጭኜ አልሄድም» አለች።

መኪናዋ ጨርሳ እምቢ ባለችባቸው ቀናት ግን ከኔ ጋር ትሄዳለች። ስንመለስ ማደያው ጋ አስቁማኝ ራሷ ወርዳ የፒካፑን ታንከር እስከ አፉ ትሞላዋለች። አትሙዪ ብል አትሰማም። ቤንዚኑ ሞልቶ መሬት ላይ እስኪፈስ ቧንቧውን ይዛ ትቆማለች።

በሐምሌ መንግሥት አዋጅ አወጣ። አሮጌ መኪናህን አምጣ፤ አዲስ ስትገዛ እስከ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር እቀንስልሃለሁ አለ። ግን አሮጌ መሆን ብቻ አይበቃም። ቤንዚን የምትጠጣ መሆን አለባት። በአንድ ጋሎን ከአሥራ ስምንት ማይል በላይ የምትሄድ ከሆነ አይቀበሏትም። ሰካራሙ ይሸለማል፣ ቆጣቢው ባዶ እጁን ይመለሳል። ዶይል ይህን ቢሰማ ሳምንት ሙሉ ይስቅ ነበር። ሌላም ነገር አለ። መኪናዋ ዓመት ሙሉ በባለቤቷ ስም የተመዘገበች፣ ኢንሹራንስ ያላት፣ በራሷ ጎማ እየሄደች የምትመጣ መሆን አለባት። ተመልሳ መንገድ እንዳትወጣም ሞተሯን እዚያው ይገድሉታል።

ኦፓል ከዶይል የሕይወት ኢንሹራንስ ከቀብሩ የተረፈ ነበራት። መንግሥት ከቀነሰላት ትንሿን አዲስ መኪና ይገዛል፤ ካልቀነሰላት አይገዛም። ሐሙስ ዕለት ቤተ መጻሕፍት ሄዳ መንግሥት ለመኪናዋ የጻፈውን ማይል ኮምፒዩተር ላይ ፈለገች። አጥሩ ጋ መጥታ ጠራችኝ።

«አሥራ ስምንት!» አለች። «ልክ ገደሉ አፋፍ ላይ። ግን አልወደቅኩም።»

ዶይል ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

ኦፓል የሰኞ ተራዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ሃልቨርሰን መኪና መሸጫ ሄድን፤ እሷ በመኪናዋ፣ እኔ ብትቆም ልጎትታት በፒካፔ ከኋላ። ግቢው ውስጥ ሰልፍ ነበር። ከዌልበርን የማላውቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም አሮጌውን አጥቦ መጥቷል፤ ልክ ለሽያጭ እንደሚቀርብ በሬ። ማጠብ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ሊገደሉ ነው።

የባለቤቱ ልጅ ትሬንት ጠረጴዛውን ደጅ አውጥቶ ተቀምጧል። ሰላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የኦፓልን መኪና ዓይነትና ዓመት አስገባ፤ ስክሪኑን አየ፤ ፊቱን ሰበሰበ።

«እመቤቴ፣ የእርስዎ አሥራ ዘጠኝ ነው።»

«አሥራ ስምንት ነው። ሐሙስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሐሙስ አሥራ ስምንት ነበር። ሒሳቡን ዋሽንግተን ላይ እንደገና ሠሩትና አንዳንዱ መኪና ትንሽ ከፍ፣ አንዳንዱ ትንሽ ዝቅ አለ። የእርስዎ ከፍ አለ።»

«መኪናዬ ከሐሙስ እስከ ዛሬ ጠዋት ከግቢዬ አልወጣችም። ቆማ ነው ቁጠባ የተማረችው?»

ሰልፉ ሳቀ። ትሬንትም ሊስቅ ሲል ተወው።

«ዕድል ነው የኔ እናት። ምን ይደረጋል።»

«እናትህ ብሆን ኖሮ በዚህ ክራባት ከቤት አትወጣም ነበር» አለችው። «ተነሥ። ና ግባ።»

«የት ነው የምንገባው?»

«መኪናዬ ውስጥ ነዋ። አሥራ ዘጠኝ ትሄዳለች ካልክ አብረን እንያት።»

ኦፓል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትቆም ዶይል እንኳ ቆቡን አንሥቶ ይወጣ ነበር። ትሬንት አባቱን ቀና ብሎ አየ። አባቱ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ በእጁ ሂድ አለው። መሰለኝ የኦፓልን ፀባይ ከድሮም ያውቃል።

እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ማደያ ሄደን ታንከሩን እስከ አፉ ሞላችው። ከዚያ በወፍጮው መንገድ እስከ አውራጃው ወሰን፣ ከወሰኑ ወደ ከተማ፣ ከከተማ መልሳ ወደ ወሰን ነዳች። ጭሱ ከኋላችን መንገዱን ጋረደው። ትሬንት አንገት ላይ ላብ አየሁ።

«ማቀዝቀዣ የላትም?» አለ።

«መስኮት አላት።»

«መስኮቱ አይከፈትም።»

«በጡጫ በለው። ዶይል እንደዚያ ነበር የሚከፍተው።»

በጡጫ አለው። ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ዘና አለ፤ ዶይል ማን እንደሆነ ጠየቃት። እሷ መስታወቷን አስተካከለች።

ማደያው ጋ ተመልሰን እንደገና ሞላች። ትሬንት የሄድነውን ማይል ለፈሰሰው ጋሎን በስልኩ ላይ አካፈለ። እንደገና አካፈለ።

«ስንት?» አለችው።

«አሥራ ሦስት።»

«በዓይንህ ያየኸው ነው?»

«ያየሁት ነው።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

«አልችልም እመቤቴ። ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀኝ የመኪናዋን ዓይነትና ዓመት ነው እንጂ የእርስዎን መኪና አይደለም። ይህችኛዋ ምን ትጠጣለች ብሎ አይጠይቅም። ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ይላል።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ወረቀቱ በጀርባው አዝሎ ሥራ ያድርሰኝ!»

ይህን ያለችው ወደ መሸጫው ግቢ ተመልሰን ከመኪናው ወርዳ ነው፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በኔ ቢሆን አሁኑኑ እሰጥዎት ነበር። ብዋሽ ግን ሱቁን ይዘጉብናል» አላት። ከዚያ ዓይኑ ፒካፔ ላይ ዐረፈ።

«የእርስዎ ይገባል፣ አባባ። ይህ ዓይነት አሥራ አራት ነው። ሙሉውን አራት ሺህ አምስት መቶ...»

«ጠየቅኩህ?» አልኩት።

«አልጠየቁኝም።»

«ተወው እንግዲህ።»

ከሰልፉ አንዱ፣ «ኦፓል! አግቢውና ፒካፑ ያንቺ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ።

«ለመኪና ብዬ ካገባሁስ» አለች ወደ መኪናዋ እየሄደች፣ «ሬዲዮ ያለው መኪና ያለውን ነው የማገባው።»

የኔ ሬዲዮ ከሞተ ቆይቷል። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። መሪዋን በሁለት እጇ ይዛ ስትወጣ አየኋት።

ያን ሳምንት ፒካፑን ስነዳ ሞተሩን አዳመጥኩት። ማለዳ ሲነሣ መጀመሪያ ሁለቴ ያስላል፤ ከዚያ ልክ እንደ ዶይል ጉሮሮውን ጠርጎ ይረጋል። በዚያ ሞተር ሚስቴን አመላልሻለሁ። ሚስቴን የቀበርኩ ቀንም ወደ ቤት የመለሰኝ እሱ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

ሐሙስ የኦፓል መኪና አልነሣ አለች። እኔ አደረስኳት። አለቃዋ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ስታይ አየሁ። ኦፓል ገና ደቂቃዎች ነበሯት፤ ሴትየዋ ግን ከሰዓቱ ይበልጥ ያየችው በሰው መኪና መምጣቷን ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወደ ኦፓል በረንዳ ሄድኩ። ፎሶሊያ እየቆራረጠች ነበር። ቆብ አውልቄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ፒካፑን ልሰጥ ነው» አልኩ።

«ለማን?»

«ለመንግሥት። ትንሿን መኪና በስሜ አወጣለሁ። መንግሥት የሚቀንሰውን ይቀንሳል፤ ቀሪውን አንቺ ትከፍያለሽ። ከዚያ ሊብሬውን ወዳንቺ አዞረዋለሁ።»

ፎሶሊያውን ቀጨችው። ሌላ አነሣች። ቀጨችው።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«ዶይል ከሞተ ጀምሮ ይሄ ከተማ ሊሰጠኝ የማይፈልገው ነገር የለም። ሾርባ። ካፖርት። የራሱ ቤት ሊወሰድበት የደረሰ ሰው ሳይቀር ለኔ ማገዶ አምጥቶ ደጄ ላይ ደረደረ። በቃኝ። በዚህ በር ምጽዋት አይገባም ቨርሊን። አንተም ይዘኸው ከመጣህ ይዘኸው ተመለስ።»

«ምጽዋት አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሞተር ነው።»

እጇ ቆመ።

«ዶይል ሞተር አበድሮኛል። ሞተር እመልሳለሁ። አዲሷ መኪና ውስጥ ሞተር አለ።»

«አዲሷ ውስጥ ያለው የልብስ ስፌት መኪና ነው» አለች። «ዶይል አይቀበልህም ነበር።»

«ዶይል ሰኞ ሥራ መግባት የለበትም። አንቺ አለብሽ።»

ሌላ ሰው እንዲህ ቢላት ፎሶሊያውን ከነሣህኑ ትደፋበት ነበር። እኔንም የምትደፋብኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልደፋችም። ወደ ፒካፑ ተመለከተች።

«እንደሚገድሉት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«የሱ የእጁ ሥራ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«አታውቅም» አለች። «ማለዳ ስታስነሣው ከአልጋዬ እሰማዋለሁ። ሁለቴ ያስላል። ከዚያ ነው የምነሣው።»

ይህን አላውቅም ነበር። አጥር ለአጥር ስንኖር አንድ ድምፅ እንደምናዳምጥ አላሰብኩም። ቆቤን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ሣህኑን ከጭኗ አወረደች።

«ብቻውን አይሞትም» አለች። «እኔም እቆማለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ስማ። ዕዳ ነው ካልክ ዕዳ ይባል። አንድ ሰው ስጦታ ብሎ ቢጠራው ቁልፉን ፊቱ ላይ እወረውራለሁ።»

«ወርውሪ» አልኩ።

እስከ ሰኞ አልቆየንም፤ ያንኑ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ኦፓል በብብቷ ሥር አንድ ነገር ጠቅልላ ይዛለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ትሬንት ወረቀቶቼን አገላበጠ፤ ምዝገባውን አየ፤ ኢንሹራንሱን አየ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። ከልጅነቱ መኪና መካከል ያደገ ልጅ ነው፤ አላመለጠውም።

«ይሄ ሞተር የዚህ መኪና አይደለም» አለ።

«አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ አሥራ አራቱ...»

ኦፓል ከኋላዬ ወጣች። «ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው የመኪናውን ዓይነትና ዓመት ነው፣ መኪናውን አይደለም። አንተ ነህ ያልከኝ። ወይስ ዛሬ ሌላ ወረቀት መጣ?»

ትሬንት እኔን አየ፤ እሷን አየ፤ ሞተሩን አየ። ወረቀቱ ውስጥ ስለ ተቀየረ ሞተር አንዲት ቃል እንደሌለ ያውቃል። ኮፈኑን በቀስታ ዘጋው።

«ወረቀቱ አሥራ አራት ይላል» አለ።

«እሰይ» አለችው። «ዛሬ ክራባትህ ያምራል።»

መግደያው ከጋራዡ ጀርባ ነው። መካኒኩ ክሌም ይባላል፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ወፍራም ሰው ነው። ሥራው ቀላል ነው አለን። ዘይቱን ያፈሳል፤ በምትኩ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ ይጨምራል፤ ነዳጁን እስከ ግማሽ ረግጦ ያስጮኸዋል። ፈሳሹ ሲግል መስታወት ይሆናል። ሞተሩ ይነክሳል፤ ለዘላለም አይነሣም።

«ብዙ አይቆይም» አለ ክሌም። ግድግዳው ላይ ያረጀ ሬዲዮ ሰቅሏል። «በዘፈን ነው የምለካው። አብዛኞቹ አንድ ዘፈን አይጨርሱም።»

ዘይቱ ወደ በርሜሉ ሲወርድ ጥቁርና ወፍራም ነበር። ፈሳሹን ጨመረ። ሞተሩን አስነሣው። ሁለቴ አሳለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ኦፓል እጇን መከለያው ላይ አሳረፈች።

«ወደ ኋላ ይበሉ እማማ፤ አንዳንዱ ይፈነዳል።»

«ይፈንዳ።»

ክሌም ትከሻውን ነቅንቆ ማገጃ ዱላውን ቤንዚን መስጫው ላይ አስደግፎ ወጣ። ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ሬዲዮው ላይ አንድ ሰው ስለ ሚስቱ ይዘፍናል። ዘፈኑ አለቀ። ሞተሩ ይጮሃል። ስለ ፍራሽ ማስታወቂያ መጣ። ሞተሩ ይጮሃል። ክሌም ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ አየ።

«ፈሳሹን ጨምሬያለሁ?» አለ ለራሱ።

«ጨምረሃል» አልኩት።

ሌላ ዘፈን ገባ። ከጋራዡ መካኒኮች እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። ሻጮቹም መጡ። አንዱ በዚህኛው ዘፈን ይሞታል ብሎ ተወራረደ፤ ሌላው እስከ ዜናው ይቆያል አለ። ብረቱ እርስ በርሱ ሲፋጭ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያስጨንቃል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ወጣ። ዜናው ተጀመረ። ትሬንት ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ዜናው ስለ ዋሽንግተን ነበር፤ ሞተሩ ግን አብዛኛውን ቃል ሸፈነው።

«በለው!» አለች ኦፓል። ዝግ ብላ ነው መጀመሪያ ያለችው። ከዚያ በሙሉ ድምፅዋ። «በለው ዶይል! እስከ ገና ነበር ያሉህ! በላቸው!»

ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ ዶይልን ያውቁት ነበር። ካልሲ እንደሚያክል ጨርቅ የያዘ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ «ይሄ የኬተሪንግ ሞተር ነው እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። ቆቡን አወለቀ። ሌሎቹም ተራ በተራ አወለቁ። የዜናው ሰው ስለ አየር ጠባይ መናገር ሲጀምር ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፤ እንደገና ተነሣ፤ የመጨረሻ ያለውን ሁሉ ጮኸ። ከዚያ በአንድ ምት ነከሰ። መኪናው በሙሉ ተናወጠ። ሬዲዮው ብቻውን ነገ ፀሐይ ነው አለ።

ክሌም ቁልፉን ሞከረ። ጠቅ አለ። ሌላ የለም።

«እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለ። «ማን ነው የሠራው?»

«ባሌ» አለች ኦፓል።

በብብቷ የያዘችውን ፈታች። ዶይል ሞተሩን ይሸፍንበት የነበረ የአልጋ ልብስ ነው። ኮፈኑን አስከፍታ የጋለው ሞተር ላይ አለበሰችው። ጠርዙ ጨሰ።

«እማማ፣ ሰኞ ጨፍልቀው ነው የሚወስዱት» አላት ክሌም።

«ከነልብሱ ይጨፍልቁት» አለች። «ራቁቱን አይሄድም።»

አዲሷ መኪና ነጭ ናት፤ ትንሽ ናት። ኦፓል ከመንዳቷ በፊት ስሙ ይዙር አለች፤ በኔ ስም አንድ ማይል እንኳ አልነዳም አለች። ስለዚህ መኪናዋን እኔ እየነዳሁ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሊብሬው እስኪመጣ ጥቂት ቀን ጠብቀን ነበር፤ በነዚያ ቀናት ወደ ሥራ ያደረሷት የማጠቢያ ቤቱ ባልደረቦቿ ናቸው። እነሱንም በየቀኑ ቤንዚን ሞልታላቸዋለች።

ጸሐፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ መሙላት ጀመረች። የሻጭ ስም ቨርሊን ስትሮድ፤ የገዢ ስም ኦፓል ኬተሪንግ።

«የሽያጭ ዋጋ?» አለች።

«ዋጋ የለውም» አልኩ።

«እንግዲያው ስጦታ ልበለው።»

«ስጦታ አይደለም!» አለች ኦፓል። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞረ። «ስጦታ ብለሽ ከጻፍሽ መኪናዋን ደጃችሁ ላይ ትቼ በእግሬ ነው የምሄደው።»

«ታዲያ ምን ልበል እመቤት?»

«ዕዳ በይ።»

«ዕዳ የሚል ቦታ የለውም።» ጸሐፊዋ ሁለታችንንም አየችን። መጥፎ ሴት አልነበረችም፤ ሊዘጉ የደረሱበት ሰዓት ነው፣ ሰው በዝቶባታል። «ስጦታ የማይወዱ ሰዎች አንድ ዶላር ነው የሚሉት። የተለመደ ነው። አንድ ልበል?»

ኦፓል ወደኔ ዞረች።

«ዶይል ያበደረህ ስንት ነበር?»

«አንድ» አልኩ።

«አንድ በይ» አለቻት።

ጸሐፊዋ አንድ ቁጥርን ጻፈች። ከቁጥሩ ፊት የዶላር ምልክት ቀድሞ ታትሞ ነበር። ኦፓል ብዕሩን ከእጇ ወሰደችና ምልክቱን በወፍራሙ ሰረዘችው።

«ኧረ እመቤት! የመንግሥት ወረቀት ነው!»

«ወረቀት ሲሳሳት አይቻለሁ» አለቻት ኦፓል። «አሁን ልክ ነው። ምቺበት።»

ጸሐፊዋ ትንሽ አሰበች። ማኅተሙን መታችበት።

ደጅ ወጥተን ቁልፉን ሰጠኋት። ተቀብላኝ ገባች፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፤ መስታወቱን ወደ ራሷ አዞረች። አስነሣችው። ሳል የለ፣ ጉርምርምታ የለ። ትን ትን ትን አለ እንጂ ሞተር አይመስልም። ኦፓል አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ወደ ሰማይ ቀና አለች።

«እንዳትስቅ፣ ዶይል» አለች። «ሞተርህን አግኝተሃል።»

ነድታ ሄደች። እኔ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።